አያ ተገኘን በወሬ የያዝኩበት ፈተና

ዛሬ ፈተናው ከመጋመሱ አያ ተገኘ የክፍሉን በር በዱላቸው አንኳኩ። «ጓድ መምህር፣ ዘውዲቱን ስጠኝ፤ ሰሊጡ እየረገፈ ነው!»

ዘውዲቱ ልጃቸው ናት። ይህን ፈተና ያለፈ ጎንደር ሄዶ ይማራል፤ ያቋረጠ እዚሁ መተማ ይቀራል።

ሳምንቱን ሙሉ «ዲስትራክት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ሳስተምር ነበር። የሰውን ሐሳብ ከያዘው ጉዳይ ነጥቆ ወደ ሌላ መውሰድ ማለት ነው። ሥራ ላይ ሳውለው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

«አያ፣ የገበሬ ማኅበሩ ትራክተር ተሠራ እንዴ?» አልኳቸው፣ ከበሩ ራቅ እያደረግኋቸው።

ስለ ትራክተሩ አወሩ፤ ቀጥለው ስለ ሊቀመንበሩ፣ ከዚያ ከጎጃም ስለቀሩባቸው አጫጆች። እኔ «እሺ፣ ከዚያስ?» እላለሁ፤ ዓይኔ ግን በመስኮት የዘውዲቱ እስክሪብቶ ላይ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። (ያላበኝ በሙቀቱ ብቻ አይደለም።)

ልጅቷ ወረቀቷን ስታስረክብ አያ ተገኘ ወሬያቸውን ቆረጡ።

«ጨረሰች?»

«ጨረሰች።»

«ታዲያ ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ትራክተሩ አሳስቦኝ መሰለህ?» ብለውኝ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ውጤቱ እስኪታወቅ እኔ መቀመጥ አልችልም። ጓዶች፣ እናንተስ ማንን በወሬ ይዛችሁ ምን አተረፋችሁ? እስኪ አጫውቱኝ።