የዳኛው ደጋፊ

አባቴ ቤት፣ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ሰማያዊ ኮፍያ ተሰቅሏል። ጠርዙ ተበልቷል፣ ፊት ለፊቱ ላይ የተሰፋው ፊደል ክሩ ተተርትሯል። ባየሁት ቁጥር አዲስ የታጨደ እርጥብ ሣር ይሸተኛል። «አባዬ፣ ይሄን ነገር እንጣለው እንጂ» ስለው፣ «ተዪው፣ አንድ ቀን ቢጠይቁስ?» ይለኛል። እነማን ናቸው የሚጠይቁት? እሱን አይናገርም።

አባቴ ተጠራጣሪ ሰው ነው። እናንተ የምታውቁት ዓይነት ተጠራጣሪ አይደለም። ልጅ እያለሁ በራችን ላይ ሦስት ቁልፍ ነበር፣ ሦስቱም ከተቆለፉ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይነቀንቃቸዋል። ስልክ ሲያወራ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ ይከፍታል። አውቶቡስ ነበር የሚነዳው፤ አንድ ተሳፋሪ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከተሳፈረበት እራት ላይ የእሱ ጉዳይ ይነሳል። «ሰውዬው ሥራ ሄዶ ሲመለስ ነዋ!» ትላለች እማዬ። ጎረቤታችን አሮጊቷ እንግሊዛዊት «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው» ሲሉት እንኳን ደረጃውን ወጥተን እስክንጨርስ «ምን ማለታቸው ነው?» እያለ ይብሰለሰላል። የእንግሊዝ ዜግነት ለመጠየቅ ጊዜው ደርሶ ሳለ፣ «ለምንድን ነው ሊሰጡኝ የፈለጉት?» ብሎ ስንት ዓመት አዘገየው። እኛ ሁላችን በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነበር የምንንቀሳቀሰው።

ምክንያት አለው። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ አባዬ አስተማሪ ነበር፣ ታዛቢ ሆኖም ቆጠራው ላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሆነውን የኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ሰምቶታል። ታሰረ፣ ተፈታ፣ እንደገና ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ጉለሌ በአያቴ ግቢ ነበር የምንኖረው። ለእማዬ ብቻ ነግሯት፣ ሊነጋጋ ሲል ወጣ። እኔ አራት ዓመቴ ነው፣ ተኝቻለሁ። ለገዛ አባቱ እንኳን ደህና ሁኑ ሳይላቸው ሄደ።

የበሩ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። የግቢያችን የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያው ዝገት የበላው ብረት ነበር፤ ሲሳብ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል አሉ። አያቴ በየማታው በገዛ እጃቸው ነበር የሚቀረቅሩት። አባዬ «ይሄን ብረት ድምፅ ሳላሰማ እንዴት እከፍተዋለሁ?» እያለ ሲጨነቅ አድሮ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ገርበብ ብሎ ጠበቀው። ወጥመድ ነው፣ ውጭ ቆመው እየጠበቁኝ ነው ብሎ ብዙ ቆመ። ማንም የለም። ወጣ። በሩም ጭጭ አለ፣ አልጮኸም።

እኔና እማዬም ተከትለነው ከመጣን ወዲህ፣ ለንደን ላይ፣ ምሳ በበላን ቁጥር ማለት ይቻላል፣ «ያን በር ማን ከፈተው?» ይነሳል። ሰርቪሷን የተከራየው ልጅ? እሱ እኮ ዓይኑ አያምርም ነበር። ዘበኛው? መሄዴን ማን ነግሮት? እማዬ «ከወጣህ አይደል፣ ምን ይደረግህ?» ትለዋለች። «ያወቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያወቀው ማን እንደሆነ ካላወቅሁ እንዴት እተኛለሁ?» ይላል። እውነትም አይተኛም ነበር።

እኔ በበኩሌ አያቴን ነበር የምጠረጥረው። በሩን በተመለከተ አይደለም፣ አባዬን አይወዱትም ብዬ ነው። ስንደውልላቸው «ደህና ነህ? ልጅቷ ደህና ናት? በል፣ የስልክ ሂሳብ ይበዛብሃል» ብለው ይዘጋሉ። አባዬ ስልኩን ይዞ ይቆያል። «ሳልሰናበታቸው ስለሄድኩ ነው፣ አልማሩኝም» ይላል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ምን ዓይነት ሽማግሌ ናቸው እላለሁ።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ቺካጎ ያለችው አክስቴ ሮማን አያቴን ለዓይን ሕክምና ወሰደቻቸው። መስከረም ሳይጠባ አገራቸው ይመለሳሉ። አባዬ ወደ አገር ቤት መግባት አይችልም። ያን ማታ ሬዲዮኑን ሳይከፍት፣ በተራ ድምፁ፣ «ሰማንያ አልፏቸዋል። ዘንድሮ ካላየኋቸው አላያቸውም» አለን። እንባው መጥቶ ነበር።

የቪዛ ነገር ሲነሳ ጋሽ ታደለ ዘንድ ሄድን። ፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያው አጠገብ ያለች፣ በሯን ስትገፉ በርበሬ የምታስነጥስ የሐበሻ ሱቅ ነበራቸው፤ ከበርበሬው ጋር ምክር ይሸጣሉ። ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«አፕላይ ስታደርግ አባቴን ልጠይቅ ነው እንዳትል! አለቀልህ። እዚያው ሊቀር ነው ይሉሃል። ቱሪስት ነኝ በል።»

«ቱሪስት ምን ሊያይ ነው ቢሉኝስ?»

«ቤዝቦል! አሜሪካኖች በቤዝቦል ሟች ናቸው። ጨዋታ ላይ ነው የምንሄደው፣ እንመለሳለን፣ አለቀ።»

እማዬ ከምስሩ ከረጢት ቀና ብላ፣ «እውነቱን ቢናገር ምን ይሆናል? አባት ማየት ወንጀል ነው?» ብትል ሁለቱም እንደ ሕፃን አዩዋት። አባዬ በማንም የማያምን ሰው፣ ጋሽ ታደለን ግን አመነ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዚያ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። አባዬ በሕይወቱ ኳስ አይቶ አያውቅም። ቤዝቦል የሚባለውንማ! የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም በግማሽ፤ ትምህርት ቤት ራውንደርስ የሚሉት ነበረን፣ ኳስ በአጭር ዱላ መትቶ ምሰሶ ምሰሶውን እየዞሩ መሮጥ። የቤዝቦል ታናሽ እህት በሉት። ስለዚህ አስተማሪው ተማሪ፣ እኔ አስተማሪ ሆንኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ፓርኩ ሣር ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ የቴኒስ ኳስ እወረውራለሁ፣ አባዬ በመጥረጊያ እጀታ ይመታል። አይመታም ማለት ይቀላል።

«ያ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚያየን?» ይለኛል ዱላውን እንደያዘ።

«አባዬ፣ በሱፍና በከረባት፣ በመጥረጊያ እንጨት ኳስ ስታሳድድ ማን አያይህም!»

እማዬ እስኪያማት ትስቃለች። ያን ሣቋን ነው ኮፍያው የሚያስታውሰኝ። ኮፍያውን ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ገበያ ነበር የገዛው። ሻጩ «ደጋፊ ነህ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው ሳይመልስ ጥሎት ሊሄድ ነበር፣ እኔ ነኝ እጁን ጎትቼ የመለስኩት። ቤት ደርሰን ግራ ገብቶት «ምን አገባው?» አለ። ለሁሉም ነገር መልስ አዘጋጅተን፣ ለዚያች ጥያቄ ብቻ እንዳላዘጋጀን ያኔ ቢገባኝ ምን አለ!

አሜሪካ ኤምባሲ የሄድን ቀን አባዬ ኮፍያውን በሱፉ ላይ አደረገው። እማዬ «ኧረ አውልቅ፣ እብድ ነው ይሉሃል» ብትለው አልሰማም። ቤተሰብ መሆናችንን ይዩ ብሎ እኔንም ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ያወጣሁለትን ጥያቄ ይመልሳል። ስንት ተጫዋች? ዘጠኝ። ስንት ጊዜ ከሳተ ይወጣል? ሦስት። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግን ቪዛ ሰጪው ሰውዬ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አልጠየቀም። ወጣት ነው፣ ፊቱ ላይ ድካም አለ። የት ነው የምትሠሩት፣ መቼ ነው የምትመለሱት፣ አለ። ከዚያ ኮፍያውን አየና ፈገግ ብሎ፣ «ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለው።

አባዬ ኮፍያውን በጣቱ ነካ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። በኋላ ነው የነገረችኝ፣ ታስሮ ሳለ ቀን ከሌት የጠየቁት ያንኑ ነበር፦ የማን ደጋፊ ነህ? እኔ ግን የማውቀው ነገር የለም፣ ስሙን ረሳው ብዬ በሆዴ የቡድኑን ስም እየጮህኩ ነው። ሰውዬው ፈገግታው ጠፋ። ቀና ብሎ አባዬን በደንብ ያየው ጀመር። በቃ፣ ተበላን አልኩ። አያቴን ሳላያቸው ሊሄዱ ነው፣ አባዬም ዕድሜ ልኩን ስልክ ይዞ ሊቀር ነው።

«የዳኛው» አለ አባዬ በመጨረሻ። «እኔ የዳኛው ደጋፊ ነኝ። ዳኛው ትክክል ከሆነ ማንም ያሸንፍ።»

ሰውዬው በሣቅ ፈነዳ። ጎኑ ላለችው ባልደረባውም ደገመላት፣ እሷም ሣቀች። ቪዛውን ሰጡን። ውጭ ስንወጣ እማዬ ዕልል ልትል ትንሽ ቀራት፣ አባዬ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ምንድን ነው ያሳቀው? ቁም ነገር እኮ ነው የነገርኩት» ይላል። አውቶቡስ ላይም፣ እራት ላይም ያንኑ።

ቺካጎ ገባን። አክስቴ ሮማን ቤት አባዬ የአያቴን ጉልበት ስሞ ቀና ማለት አቃተው። እሳቸውም አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ጭንቅላቱን ዳሰሱት። ግን ምንም አላሉትም። ሁለት ቀን እንደዚያው፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ። በሦስተኛው ቀን አባዬ ተነሥቶ ጨዋታው ልንሄድ ነው አለ። ሮማን የምትሠራውን ጥላ ጮኸች። «አንተ ልጅ አብደሃል? አባባ ሊሄዱ እኮ ነው! ቤዝቦሉ ማታለያ አልነበረም እንዴ?» እሱ ደግሞ፣ «ስንመለስ አይታችኋል ወይ ብለው ቢጠይቁስ?» አላት። ክርክሩን የዘጉት አያቴ ናቸው። «እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ ልጄ ያሰበበት ቦታ» አሉ፣ ጋቢያቸውን አንሥተው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አያቴ በጋቢያቸው ስታዲየም ውስጥ፣ ዙሪያቸው ቁምጣ የለበሰ ሕዝብ፣ የተጠበሰ ቋሊማና የኦቾሎኒ ሽታ። አባዬ ለንደን ያስተማርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳቸዋል። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነው። አያቴ በአንድ ዓይናቸው ብዙ አዩና፣ «ያ አጎንብሶ ከኋላ የቆመው ማነው?» አሉ።

«ዳኛው ነው፣ አባባ።»

«ያንተ ሰውዬ?» አሉና ሣቁ። ሮማን የኤምባሲውን ነግራቸዋለች። ሣቃቸውን ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ከዚያ ሜዳውን እያዩ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «ስማ እንጂ፣ ያን ቀን በሩ አስቸገረህ እንዴ?» አሉት።

«የቱ በር?» አለ አባዬ።

«የኛ በር ነዋ። ዘይት ቀብቼው ነበር፣ መቼም ዝገቱ አይታመንም ብዬ።»

አባዬ ወደሳቸው ዞረ።

«ማታ ጫማህን ስትወለውል አየሁህ» አሉ። «ለእሑድ ካልሆነ ጫማ ወልውለህ ታውቃለህ? ሁላችሁም ስትተኙ ቀባሁትና ገርበብ አድርጌ ተውኩት። በመስኮት እስክትወጣ አየሁህ። ምን ገትሮ ያቆመዋል ብዬ ልሞት ነበር!»

«ታዲያ... ሳልነግርዎት ስሄድ...»

«ደግ አደረግህ። ብትነግረኝ ሲመጡ ልዋሽ ነበር። መጡም፤ አላውቅም አልኳቸው፣ አልነገረኝምና።»

«በስልክስ? ስንት ዓመት ሙሉ!»

«ስልኩን ማን እንደሚሰማው በምን አውቄ?» አሉ አያቴ፣ ቆጣ ብለው።

ያን ጊዜ አንዱ ተጫዋች ኳሷን ከሜዳው አውጥቶ ጣላት መሰለኝ፣ ሕዝቡ በአንድ ላይ ብድግ አለ፣ ስታዲየሙ ተናወጠ። አባዬ ብቻ አልተነሣም። ፊቱን አያቴ ጋቢ ውስጥ ቀብሮ እንደ ልጅ ያለቅሳል። አጠገባችን የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ በቡድኑ መሸነፍ ያለቀሰ መስሎት ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ኦቾሎኒውን ዘረጋለት። ይገርማችኋል፣ አባዬ ምንም ሳይጠረጥር ተቀብሎ በላ።

አያቴ መስከረም ሳይጠባ ተመለሱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጉለሌ አረፉ። አባዬ ቀብራቸው ላይ አልነበረም። እኔ አሁን ሌላ ሰፈር፣ ክላፋም ነው የምኖረው፣ የራሴ ኑሮ አለኝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ የማላነሣ ሰው ሆኛለሁ። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ያኔ ግን ልጅ ሆኜ ጥርጣሬ የፍቅር ተቃራኒ ይመስለኝ ነበር። ያ በየምሳው የሚነሣው የበሩ ጥያቄ ቺካጎ ቀረ፣ ቤታችንም እንቅልፍ ገባ። እማዬ አሁን የለችም። የሷን ሣቅና ያን የመጥረጊያ እጀታ እናፍቃለሁ።

አባዬ ሌላው ጠባዩ አልተለወጠም፣ ሦስቱም ቁልፎች በቦታቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሥራ መልስ ብቅ ልል እችላለሁ ካልኩት ግን በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቀኛል፣ እሱ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ጋዜጣ ያነባል። «አባዬ፣ በሩን ክፍት ትተኸዋል» ስለው፣ ቀና ሳይል «ረስቼው ነው» ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ እጄ የበሩን ማጠፊያ ነካ፣ ጣቴም ዘይት ሆነ። በቀሚሴ ጠረግሁትና፣ ምንም ሳልጠይቀው ገብቼ ሳምኩት።