የበላሁበት ሁዳዴ

ዓምና በሁዳዴ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያላገኘሁትን ምስጋና በዚያ አንድ ጾም ጠገብኩት። ድሮ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሰዓቴን በየደቂቃው የማይ ሰው ነበርኩ። ዓምና ግን ዘጠኝም ሞልቶ፣ አሥርም አልፎ ምግብ ትዝ አይለኝም። ሽሮው ቀርቦልኝ ሁለቴ ጎርሼ ሳህኑን እገፋለሁ። የመምህራን ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ጾም እንዲህ ነው እንጂ፣ እኛማ የምንቆጥረው ሰዓት ነው አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተማሪዎቼም ወደዱኝ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህን አልክድም። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ሳይ ደሜ ይፈላል። ያን ሰሞን ግን ግማሹ ክፍል ባዶ ደብተር ይዞ ቢመጣም እሺ ብዬ አልፋለሁ። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶኝ ትዕግሥቴን አደነቀ፤ ራሱን የሚገዛ መምህር እንዲህ ነው አለኝ። የታገስኩት ነገር አልነበረም። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ እሱን አጥቼ ነው።

ውስጤን ማንም አላየም፣ እኔም አላሳየሁም። ሆድ ይፍጀው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ድብርት የሚለውን ቃል እኛ የምናወጣው ክረምቱ ሲጫነን ወይም ሥራ ፈትተን ስንውል ነው፤ የበሽታ ስም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። የኔ ነገር የጀመረው ከጭንቅላቴ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሁለት ክፍልፋዮችን መደመር አቃተኝ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እናንተ ጨርሱት ብዬ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት የቱን ሸሚዝ ልልበስ የሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኝ ጀመር።

አእምሮ እንዲህ ሲደክም ሰው ምንም የማያስብ ይመስላል። አይደለም። ሌላው ሐሳብ ሁሉ ይሄድና አንዱ ብቻ ይቀራል፤ የሚከራከረው ስለሌለ ደግሞ እውነት ይመስላል። የኔው፣ ብሞት ሰው ሁሉ ያርፋል የሚል ነበር። መጀመሪያ ላይ አባርረው ነበር። በኋላ ደከመኝ፤ ሲመጣ ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። ራሱን ገዛ በተባልኩበት ሰሞን፣ ራሴን መያዝ እያቃተኝ ነበር።

ከዚያ ዕቃዬን ማደል ጀመርኩ። መጻሕፍቴን ለትምህርት ቤቱ፣ ድስትና ብርድ ልብሴን ለጎረቤት ሰጠሁ። አሁንም ተመሰገንኩ፤ በሁዳዴ ምጽዋት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ተነገረኝ። በመጨረሻ ከአባታችን የወረስኩትን በርኖስ ጎረቤላ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ በሚኒባስ ላክሁላት።

በርኖሱ የደረሳት ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳች፤ በርኖሱን ራሷ ደርባዋለች። ገብታ ክፍሉን ቃኘችው፤ የቀረው አልጋውና አንድ ወንበር ነው። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በዚህ ብርድ አገር በርኖሱን የሚሰጥ ሰው ወይ መንኗል ወይ መኖር ትቷል ብላ ነው የመጣችው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"እውነቱን ንገረኝ። ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሲጠይቁኝ እቆጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ የተሰማኝ ግን ዕረፍት ነው።

"አዎ፣ እትዬ" አልኳት።

አልጮኸችም። እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለዚያ ነገር ብዬ ያስቀመጥኩትን አስወጥታ ከቤት አራቀችው፤ ምን እንደነበረ አልጽፍም። ብላ አለችኝ፤ ቅዳሜም ቢሆን ሁዳዴ ነው አልኳት። ሐኪም ቤት እንሂድ አለችኝ፤ ጾሙ ይፈታና አልኳት። በጾሙ እንደተሸሸግኩ ያኔ ገባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አለችና፣ ክርክሩን ትታ ወደ ንስሐ አባቴ ወሰደችኝ።

እኔ ከሁሉም በላይ የፈራሁት እሳቸውን ነበር። የሚያወግዙኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ምግብ ያምርህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ካማረኝ ቆይቷል አልኳቸው።

"ልጄ፣ የሚጾም እኮ መብላት የሚያምረው ሰው ነው። አንተ ምኑን ጾምከው?" አሉ። "ቀኖናህ ይህ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትበላለህ፣ ሐኪም ያዘዘልህንም ትውጣለህ። ከእህትህም ዓይን አትራቅ።"

ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር። ያን ቀን የበላሁት አፈር አፈር እያለኝ፣ እያለቀስኩ ዋጥኩት። ሰኞ ሆስፒታል ሄድን። የተቀበለችን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ረጋ ያለች ሴት ናት። በሽታው ማሰብንም ራስን መግዛትንም አብሮ እንደሚያደክም፣ ያ ሐሳብ በርትቶ በርትቶ እንደሚያልፍ፣ ሲበረታ ብቻዬን እንዳልሆንና ምንም ነገር እንዳልወስን ነገረችኝ። እህቴ መሐል ገብታ ይሄማ የአባታችን ምክር ነው አለች። ያደግንበት አንኮበር ላይ ጉም ሲወጣ መንገዱ አይለይም፤ አባታችን ያኔ አትሂዱ፣ ባላችሁበት ተቀምጡና ድምፅ አሰሙ ይለን ነበር። ባለሙያዋ ፈገግ ብላ እኔም ከዚህ የተሻለ የምለው የለኝም አለች።

ዘንድሮም ሁዳዴ ገባ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽም። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ነው፣ ቶሎ ይደክመኛል፣ አንዳንድ ቀን ያ ሐሳብ ብቅ ይላል። ቀኖናዬም አልተነሣልኝም። ስድስት ሰዓት ሲሆን መምህራን ክፍል ገብቼ ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ። ውስጡ ምስር ነው፤ ቢሆንም በሁዳዴ በስድስት ሰዓት የሚበላ ሰው ያው በልቷል ነው የሚባለው። ባለፈው ሳምንት ያ ሽማግሌ ባልደረባዬ ከንፈሩን መጠጠና፣ "ዓምና እንዲያ የነበረ ሰው!" አለ፣ እኔ እንድሰማው አድርጎ። ደሜ ፈላ። ቁጣዬ በመመለሱ ግን ትንሽ ደስ አለኝ። ዓምና እኮ እየሞትኩ ነው ያመሰገናችሁኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትደውላለች፣ ሰላምታ እንኳ የላትም።

"በላህ?"

"እየበላሁ ነው፣ እትዬ" አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።