ያልደረስኩት ለቅሶ

ከነቀምቴ ወዲያ ቢላ በምትባል ትንሽ ከተማ በመምህርነት የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሸዋ የሄድኩ፣ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ፣ በአካባቢው ዘመድ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ባልና ሚስት ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ሲጥለኝ ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ በአጥሩ ቀዳዳ አጥሚት ያቀብሉኝ ነበር። የሚሉኝ አይገባኝም፤ እሳቸው ግን ጠጥቼ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኛል።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የተማሪዎች መጻሕፍት እንዳመጣ ነቀምቴ ተላክሁ። የሚመልሰኝ መኪና አጥቼ ዐሥር ቀን ቆየሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ሞተው ተቀብረዋል።

ያኑ ዕለት መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ አድክሞኝ ስለነበር ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ ባዶ እጄን አልገባም ብዬ የቅዳሜን ገበያ ጠበቅሁ። ቅዳሜ ስኳር ገዝቼ ስሄድ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሰው ቀለል ሲል ልምጣ ብዬ ተመለስኩ። ሰው ሲቀልል ደግሞ በኦሮምኛ ምን ብዬ ላጽናና የሚለው ጨነቀኝ። ወሩ ሲያልፍ ሐፍረት ተጨመረበት። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው አጭሩ መንገድ በሽማግሌው ደጃፍ ስለሚያልፍ፣ በወንዙ በኩል መዞር ጀመርኩ።

እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ብቻቸውን፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ብቻዬን። ሲያስሉ ይሰማኛል። የእኔም እንዳይሰማቸው አፌን በጋቢ ይዤ አስል ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሂሳብ የሚያስተምር ህንዳዊ ባልደረባዬ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን መጻሕፍት ትቶልኝ ሄደ። ከውስጡ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር፤ በእኛ አጠራር ኢስጦኢኮች ስለሚባሉት የጥንት ግሪክ ፈላስፎች የሚናገር። ዝናብ ቤት ባዋለኝ አንድ እሑድ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚለው ነገር ቀላል ነው። አንዳንዱ ነገር በእጅህ ነው፣ አንዳንዱ አይደለም፤ የራስህን ሥራና የሌላውን ሰው ሐሳብ አትቀላቅል ይላል። ቀኖችህ ያልቃሉና መልካሙን ነገር ለነገ አታሳድር ይላል።

እስክሪብቶ አንስቼ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በአንዱ በኩል መሄድ፣ መቀመጥ፣ ይቅርታ መጠየቅ ብዬ ጻፍኩ። በሌላው በኩል ይቀየሙኝ ይሆን፣ ያባርሩኝ ይሆን፣ ሰው ይስቅብኝ ይሆን። አራት ወር ሙሉ ያሰረኝ ሁሉ በዚህኛው በኩል ነበር። አንዱም የእኔ ሥራ አይደለም።

ይህን አውቄም ሰኞ ዕለት ደጃፋቸው ደርሼ ተመለስኩ። ማወቅና እግር ማንሳት እንደሚለያዩ ያን ቀን ተማርኩ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤቴ ሳልገባ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ እጄ ላይ የጠመኔ ዱቄት እንዳለ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ቤቴ ከገባሁ ሌላ ምክንያት እንደማገኝ አውቃለሁ።

ሽማግሌው ደጅ ተቀምጠው ቀፎ ይሠራሉ። ቀና ብለው አዩኝና «ሴኒ» አሉኝ፣ ግባ ማለታቸው ነው። በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ» አልኩ። «ዘገየሁ። ምክንያት የለኝም፤ ፈርቼ ነው የቀረሁት።»

እጃቸው ሥራውን አላቆመም። «በወንዝ በኩል ስትዞር አይሃለሁ» አሉ ቀስ እያሉ በሚናገሩት አማርኛ። «እዚያ ምን አለው እል ነበር።»

«ምንም የለም።»

«ነቀምቴ ሳለህ ሚስቴ ስለ አንተ ጠይቃለች። ያ ልጅ አልመጣም ወይ፣ ከቤቱ ጭስ አይታይም ብላ።»

ያለፈ ነገር በእጅህ አይደለም የሚለውም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ እውነት ነው፣ ግን በዚያ ሰዓት ምንም አላጽናናኝም። አለቀስኩ። ሽማግሌው ቀፎውን የሚያስሩበትን ሐረግ ጫፍ አቀበሉኝና «ያዝ፣ ሳብ» አሉኝ። እስኪመሽ ስይዝላቸውና ስስብላቸው ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን እሄድ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንዳንድ ቀን የሚስታቸውን ነገር በኦሮምኛ ያወሩኛል፤ ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን በፊታቸው አነባለሁ። አንዳንድ ቀን ሰው ማየት አይፈልጉም፤ ያን ጊዜ በሩ ዝግ ነውና ተመልሼ ብቻዬን እቀመጣለሁ።

ክረምቱ እንዳለፈ ወደ ነቀምቴ ተዛወርኩ። የዝውውሩ ደብዳቤ በደረሰኝ ሰዓት፣ ሻንጣዬን ሳላነሳ፣ ወደ ሽማግሌው ሄጄ ነገርኳቸው። የሠሩትን ቀፎ ዛፍ ላይ ሊሰቅሉ ነበርና መሰላሉን ያዝኩላቸው።