በትኩስ የሞተው ጥንስስ

ዕድሜዬን የኖርሁት ጠላ ጠምቄ ነው። ወረታ ላይ ጠላዋ ይኮመጥጣል ብሎ የሚያማኝ የለም፤ ካለም ፊቴ አይናገርም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ገና ወጣት ሳለሁ የገደልሁት አንድ ጋን ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ፎገራ ሜዳ ላይ። የባሌ አባት ነሐሴ አጋማሽ ሞቱ፤ ተዝካራቸው መስከረም መጨረሻ ሆነ። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ልጅ የለኝም። የባሌ እናት "ማህፀኗም ደረቅ፣ እጇም ደረቅ" እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ፤ እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ። የተዝካሩን ጠላ በእኔ ላይ ጣሉት። "ካበላሸሽው የእናትሽን ቤት መንገድ ታውቂዋለሽ" አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረችውን ሚስት የሸኟት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ጋን ያስፈልጋል፣ ቤት ያለው ሁለት ነው። ሦስተኛውን ከሜዳው ዳር ጉብታ ላይ ከምትኖረው ሸክላ ሠሪ ገዛን። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሰው ድስቷን ይገዛል፣ እንስራዋን ይገዛል፣ ከእጇ ግን ውኃ አይጠጣም፤ ቡዳ ናት ይባላል። እኔም እል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

አዲሱን ጋን አሟሸሁ፣ ሦስቱንም በግራዋ አጠብሁ፣ በወይራ አጠንሁ፣ ጌሾና ብቅል ጠነሰስሁባቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም አረፋ ያዙ። ቀጥሎ እንኩሮ ነው፤ ዱቄቱ በውኃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ ታምሶ፣ ከበረደ በኋላ ጥንስሱ ላይ ይጨመራል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሰንብቶ ስለነበር ኩበቱ ሁሉ ረጥቧል፤ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። የሁለቱን ጋን እንደ ደንቡ አብርጄ ጨመርሁ። የሦስተኛው ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ወገቤም ተቆረጠ። የባሌ እናት በር ላይ ቆመው "ይህች ሴት ዛሬም አልጨረሰችም?" ይላሉ። ከነትኩሱ ገለበጥሁትና አፉን ከድኜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሁለቱ ጋኖች ሲንተከተኩ ከደጅ ይሰማ ነበር። አዲሱ ዝም። በሁለተኛውም ቀን ዝም። የባሌ እናት ክዳኑን አንስተው አዩት፤ እንደ ኩሬ ውኃ ተኝቷል። እኔን አልተመለከቱም፣ ጋኑን ነው ያዩት። "ዓይኗን ጥላበት ነው የላከችልን" አሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። አገሩ ወዲያው ሰማ፤ ጎረምሶችም ሄደው ሴትዮዋን እየገፉ አመጧት።

እሷ አልተጨቃጨቀችም። ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ በጣቷ ነክራ ቀመሰች።

"እሜቴ፣ ጋኑ ምንም የለበትም" አለች። "እርሾው በትኩስ ሞቶ ነው። የጠላ እርሾ የጌሾውን ምሬት ይችላል፣ የወይራውን ጭስ ይችላል፤ ማር ላይ ቢጨምሩት ግን ይደክማል። የጠጁ ደግሞ ማሩን ይችላል። ሁሉም የየራሱ የሚችለው አለው፤ ትኩስ የሚችል ግን አላየሁም። ከሚፈላው ጋን አንድ ቅል ይጨምሩበት፣ ይነሳል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የኔ ልጅ፣ ሳይበርድ ነው የጨመርሽው?"

ሰው ሁሉ አየኝ። የእናቴ ቤት መንገድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

"አብርጄ ነው" አልሁ።

የባሌ እናት "የቡዳ ምክር አንሰማም" ብለው ጋኑን አስደፉት። በዚያው ሳምንት ጎረምሶቹ ሸክላዋን ሰባብረው ጎጆዋን አቃጠሉት። የተረፋትን ተሸክማ ወደ ይፋግ ስትሄድ ጓሮ ቆሜ አየኋት። አንድ ቃል ብናገር ትቀር ነበር። ተዝካሩ በሁለት ጋን ተወጣ፣ እኔም ተመሰገንሁ። ያኔ አፈር በበላሁ።

ትዳሩም አልበረከተልኝ። ከተዝካሩ በሦስተኛው ዓመት ባሌ የምትወልድለትን አገባ፤ እኔ ወረታ ገብቼ ጠላ መሸጥ ጀመርሁ። አንዱ ጋን ሲደክምብኝ ከሚፈላው ቀድቼ እጨምርበታለሁ፣ ይነሳል። እውነቷን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጋን ልገዛ ይፋግ ገበያ ወጣሁ። ከሸክላ ሠሪዎቹ መካከል አርጅታ ተቀምጣ አገኘኋት። ተጠጋሁና አንዱን ጋን መታ መታ አደረግሁት፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ዋጋውን ጠየቅኋት። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ላንቺ አልሸጥም" አለች፣ ሳትቆጣ። "ጠላሽ አንድ ቀን አልፈላ ቢልሽ፣ እኔ ከዚህ ወዲያ የምሄድበት የለኝም።"

ከጎኗ ካለችው ገዝቼ ተመለስሁ።