ቀድመውን ያለፉት

ልጄ አጋርፋ ሄዶ የኮምባይነር ጥገና የሚማርበት ቦታ ሲያገኝ አላህን አመሰገንኩ። የሥልጠናው ገንዘብ የመጣው በሮቤ ጎረምሶች መሃል ያለው ጠብ እንዲበርድ ተብሎ ነው፤ ከሁለቱ ሰፈሮች ሥራ ያጡት ተመርጠው በእሱ ይማራሉ። የሚመርጡት የሰፈር ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ያወጣነው ሕግ አንድ ነበር፤ በዱላ የተማታ ቦታውን ያጣል። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ።

ሊሄዱ ሲሉ ከወዲያኛው ሰፈር፣ ከተመረጡት ያልሆነ አንድ ጎረምሳ፣ የልጄን ጓደኛ ገበያ ላይ ፈነከተው። በማግስቱ የሱብሂ ሶላቴን ሰግጄ ስነሳ የልጄ አልጋ ባዶ ነበር። በር ጥግ የሚቆመው ዱላም የለም።

ሲንቄዬን አነሳሁ። ሲንቄ ስናገባ እናቶቻችን የሚሰጡን ቀጭን በትር ነው፤ ሴቶች እሱን ይዘው በጠበኞች መሃል ካለፉ ማንም እጁን አያነሳም። ጎረቤቶቼን ጠራሁ። በዕድሜ የሚበልጡን አሮጊት፣ "ጉልበቴ ቢያመኝም ምላሴ ደህና ነው" ብለው ከፊት ሆኑ።

ጉሙ ከባድ ነበር። ጎረምሶቹ ወትሮ ወደሚደባደቡበት፣ ከከተማው ዳር ወዳለው የስንዴ ማሳ ስንሄድ ከፊቴ ያለችውን ሴት ጀርባ እንኳ አጣሁት። መንገድ ስተን ዞርን፤ ዘገየን። ጩኸት እጠብቅ ነበር። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

ስንደርስ ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዱላዎቹ መሬት ላይ ናቸው። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሃርሜ፣ እናቴ፣ ደግሞ ለምን ተመለሳችሁ?"

"ከየት?"

"አሁን በመሃላችን አለፋችሁ እኮ፤ ሲንቄ ይዛችሁ። ብጠራሽ ዝም አልሽኝ።"

ከወዲያ ወገን ከተመረጡት አንዱ፣ "የእኔም እናት ነበረች" አለ ቀስ ብሎ።

እናቱን ለቀብር ካጠቡት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ።

በመሃላቸው ያለው ገለባ ላይ ውርጩ እንዳለ ነበር። ዳና የለበትም።

"እርስዎ ምን ይላሉ?" አልኳቸው አሮጊቷን።

"ምን እላለሁ? ቀድመውናል። እኛም እንለፍ።"

አለፍን። ውርጩ ከእግራችን ስር ይሰበር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን ጠየቁ። በዚያ ጠዋት የመታም የተመታም አልነበረም፤ ቦታቸው ጸና። አልሐምዱሊላህ። ወደ አጋርፋ በሚሄደው መኪና ልጄ ከዚያ እናት ከሌለው ልጅ አጠገብ ተቀመጠ። የሁለቱንም ስንቅ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።