ያልለዘበው ብረት

ኢዝራ ባግሾ ሲናደድ ከአፉ እጁ ነበር የሚቀድመው። በሼፊልድ የማተሚያ ፊደል ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ብረት ላይ ፊደል ሲቀርጽ የሁለት ሰው ጥርስ አርግፏል፤ የራሱም አፍንጫ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ለሰው የነፈገውን ትዕግሥት ለፊደል አልነፈገም።

በዚያ ዓመት የያዘው ሥራ የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር። ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ነሐስ ጽሑፍ ላይ ወረቀት አንጥፎ፣ በጫማ ሰሪ ሰም እያሸ የገለበጠውን ሾጣጣ የጥንት እንግሊዝ ፊደል ለዘመኑ ማስታወቂያና የገና ካርድ ጌጥ እንዲሆን እንደገና ይቀርጸው ነበር። አለቃው ክሌም ራጅ ግን "ሹለቱ በዛ" እያለ፣ ኢዝራ ዞር ሲል ጫፍ ጫፉን በሞረድ ይበላዋል።

"ማነው የነካው?"

"አይጥ ይሆናላ፣ አንተ ሽማግሌ!"

ኢዝራ አፉን በቡጢ አለው። ክሌም ደሙን ተፍቶ፣ አንገቱን አንቆ ከሞርሳው ጋር አጋጨው። ገላጋይ እስኪደርስ የኢዝራ ቅንድብ ተተርትሮ ነበር።

ከፊደሎቹ ሳታልቅ የቀረችው ጂ ብቻ ነበረች። ኢዝራ በማግስቱ ብረቷን አግሎ ውሃ ውስጥ ነከራት። እንዲህ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ነው፤ መልሰው በቀስታ አሙቀው ካላለዘቡት በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል። ኢዝራ ያልለዘበ ብረት ጠረጴዛ ላይ ትቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን የቅንድቡ ቁስል አላስቻለው ብሎ፣ ትቷት ምሳውን ይዞ ጥግ ተቀመጠ።

ክሌም መጣና ጂን አንሥቶ ቅርጿ ተመትቶ በሚታተምበት መዳብ ላይ አቆማት። "ለፋብሪካው ጌታ እኔው ነኝ የማሳየው" አለ፤ መዶሻም አነሣ።

"ቆይ" ማለት አንድ ቃል ነበር። ኢዝራ ዳቦውን አላመጠ።

መዶሻው ወረደ። ጂ ተፈረካከሰች፤ ስባሪዋ የክሌምን ግራ ዐይን አፈሰሰችው። እንደሚታረድ በሬ እያጓራ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

በሳምንቱ ኢዝራ ሊጠይቀው ቤቱ ሄደ። ክሌም ፊቱ በጨርቅ ተጠምጥሞ ተኝቷል።

"እውነቱን ንገረኝ፤ መዶሻውን ሳነሣ አይተኸኝ ነበር?"

"ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም።"

ክሌም በቀረችው ዐይኑ ትክ ብሎ አየውና እጁን ዘረጋለት። "እኔም ብያለሁ። ብታይማ ትጮህልኝ ነበር።"

ኢዝራ ጂን እንደገና ቀረጻት። ማንም ሳያዝዘው፣ ጫፏን ክሌም እንደሚወደው አድርጎ በሞረድ አለሰለሰው።