ወርቅቱ ድሬዳዋን ልታይ ሄደች

በ1957 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ሰበታ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ በመካኒክነት የሚሠራው ተድላ ቢሮ ተጠርቶ ድሬዳዋ መሥራት ይፈልግ እንደሆነ ተጠየቀ። ባለንብረቱ እዚያ ከሰበታው የሚበልጥ ፋብሪካ ገዝቶ ነበር፤ ማሽኖቹን የሚያውቅ ሰው አጥሮታል። ሰበታ ላይ ስልሳ ሁለት ብር የሆነው ደመወዝ ድሬዳዋ ላይ መቶ አምስት ይሆናል። መልሱን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲያሳውቅ ተነገረው።

ተድላ የመንዝ ሰው ነው። በወጣትነቱ አገሩን ለቆ ወጥቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ተምሮ፣ ሰበታ ደርሶ ቀረ። እዚያው ወርቅቱን አገባ። ወርቅቱ የኦቦ ገርባ ልጅ ናት። አባቷ ከአያቶቹ ጀምሮ በዚያው መሬት ያረሰ ገበሬ ሲሆን፣ ስታገባ ከጓሮው ቦታ ቆርሶ ለቤት መሥሪያ ሰጣት። ስለዚህ ኪራይ አይከፍሉም፤ ማገዶውም፣ ጎመኑም፣ ለልጆች የሚሆነው ወተትም ካባቷ ቤት ይመጣል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ አትክልት ስድስተኛ ክፍል ናት።

ተድላ በዚያ ቀን ወደ ቤቱ የሄደው አርባ ሦስት ብርን እያሰበ ነበር። የሁለቱ ደመወዝ ልዩነት ነው። ለሚስቱ ሲነግራትም መጀመሪያ የጠራው ይህንኑ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ብቻውን ሄዶ ገንዘብ ቢልክላቸው እንደሚሻል ነገራት። አብሮት የሚሠራው ደገፋ ቤተሰቡን ቡራዩ ትቶ ሰበታ ተከራይቶ የሚያድር፣ በየቅዳሜው የሚመለስ ሰው ነበር፤ እሱም እንዲሁ ተጠይቆ ብቻውን ሊሄድ ወስኗል።

ወርቅቱ አልተቃወመችም። ድሬዳዋ ጤፍ በስንት እንደሚሸጥ ብቻ ጠየቀችው። አያውቅም። ሁሉ ነገር ርካሽ ነው ሲባል ግን ሰምቷል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ያገኘችውን ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበተች። ድሬዳዋን የሚያውቁ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ሰበታ አይጠፉም፤ መልሳቸው ግን አልገጥም አላት። አንዱ ከዚያ የረከሰ አገር የለም ይላል፤ ሌላው ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው ይላል። ቆይታ ስታስተውል፣ ርካሽ ነው የሚሉት ጨርቅ፣ ስኳርና ላምባ የገዙ ናቸው። ውድ ነው የሚሉት ደግሞ ጤፍና ቅቤ የፈለጉ ናቸው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ለአምስት ሰው ቤት በወር ምን እንደሚወጣ የሚነግራት ግን አላገኘችም።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ራሷ ሄዳ ልታይ እንደምትፈልግ ለባሏ ነገረችው።

ተድላ አልወደደውም። «ለባቡር የሚወጣው ገንዘብ እኮ በከንቱ የሚጠፋ ነው» አላት።

«ዝም ብለን ሄደን ከሚጠፋው ያንሳል» አለችው።

የራሷን ሙክት ሸጠች። ልጆቹን ለአባቷ ቤት አደራ ሰጠች። ግንቦት የዓመቱ ክፉ ሙቀት ነው ሲሏት ሰምታ ነበርና ወሩን የመረጠችው ሆን ብላ ነው። ከስንቋ ጋር ሁልጊዜ እህል የምትሰፍርበትን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ያዘች፤ የሰው አገር መስፈሪያ አይታመንም። ጠዋት ለገሀር ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈረች። ከአዋሽ ወዲያ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስትደርስ መሽቶ ነበር።

የተቀበለቻት የሱሉልታ አክስቷ ልጅ ማሪቱ ናት። ባሏ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለሆነ ድሬዳዋ ስድስት ዓመት ኖራለች። ማሪቱ ዘመዷ ለጥየቃ የመጣች መስሏት ዶሮ ልታርድ ስትነሣ፣ ወርቅቱ ዶሮዋን ተዪና ገበያ ውሰጂኝ አለቻት።

አምስት ቀን ገበያ ዋለች። ነጋዴዎቹ በጣሳዋ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ግን ሰፈሩላት። ሰበታ ላይ አንድ ጣሳ ጤፍ በሃያ አምስት ሳንቲም የምትገዛው እዚህ አርባ ሆነ። ቅቤው ከእጥፍ በላይ ነው፤ እሱም ቀልጦ በጠርሙስ ይሸጣል። ማሽላ ግን ርካሽ ነው፤ ማሪቱም ጤፉን ከማሽላ ጋር እኩል ነው የምታስፈጨው። ስኳር፣ ላምባና ጨርቅ እንደተባለው የረከሱ ናቸው። ራቢአ ከምትባል ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ለልጆች ቀሚስ የሚሆነውን ዋጋ ስትጠይቅ፣ የሰበታውን ግማሽ ሆኖ አገኘችው። ራቢአም በተራዋ የደጋ ቅቤ ሰበታ ላይ በስንት እንደሚገዛ ጠየቀቻት። ወርቅቱ ነገረቻት። ራቢአ ጨርቁን ማጠፏን ትታ ቀና አለችና ቁጥሩን አስደገመቻት።

ሰባት ቤት አየች። ሁሉንም ያየችው በእኩለ ቀን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ተረድታለች። በጥቅጥቅ ድንጋይ የተሠራ፣ በረንዳ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሥራ ስምንት ብር ይጠየቅበታል። ውሃ ከቦኖ ይቀዳል፣ በሳንቲም ነው። እንጀራ በሦስተኛው ቀን ስለሚሻግት በሳምንት ሦስት ጊዜ መጋገር ሊኖርባት ነው፤ ስለዚህ የማገዶውን ዋጋ በዚያው ልክ ከፍ አደረገችው። ክሊኒክ ሄዳ የወባ መድኃኒት ዋጋ ጠየቀች። የምትማር ልጅ ያላት ሴት ፈልጋ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በፊት ልጅን ወደ ሌላ ከተማ መላክ እንደማያስፈልግ አረጋገጠች።

አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ በአንድ ምግብ ቤት በር አለፉ። ከደጋ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች በረድፍ ተቀምጠው ይበላሉ። ወርቅቱ በወር ስንት እንደሚከፍሉ እንድትጠይቅላት ማሪቱን ላከቻት። ሠላሳ ብር ነው።

ማሪቱ እየሄዱ ሳለ «ብቻውን የሚመጣ ወንድ ለሁለት ዓመት ብቻውን ነው» አለቻት። «ከዚያ በኋላ ደመወዙ ሁለት ቤት ይገባል።»



ሰበታ በተመለሰች በሳምንቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ተድላን እርሳስና ወረቀት አስያዘችው። እሷ መጻፍ አትችልም፤ ቁጥሩን ግን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። እየነገረችው ጻፈ። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ማገዶ፣ ውሃ፣ ኪራይ፣ ሳሙና፣ መድኃኒት፣ እድር። ተድላ አንዳንዱን ሲከራከርባት ማንን እንደጠየቀችና በየትኛው ቀን እንደሆነ ትነግረዋለች።

ሰበታ ቢቀሩ፣ ከስልሳ ሁለቱ ሃምሳ ሦስት ወጥቶ ዘጠኝ ብር ይተርፋል። ሁሉም ድሬዳዋ ቢሄዱ፣ ከመቶ አምስቱ ዘጠና አንድ ወጥቶ የሚተርፈው አሥራ አራት ነው። አርባ ሦስት የነበረው አምስት ብር ሆነ። ተድላ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ብቻውን የሚሄድበትን ደመረ፤ አሥራ ስድስት ብር ይተርፋል።

«እንግዲህ ብቻዬን ይሻላል ማለት ነው» አለ።

«አንድ ያልጻፍከው አለ።»

«ምን?»

«ሁለተኛዋ ሴት የምትበላው።»

ተድላ እርሳሱን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ነገር አስቦ እንደማያውቅ ተናገረ። እሷም አሁን አስበሃል አላልኩም አለችው። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ እስካሁን ያላነሣችውን አነሣች። አትክልት የምትማርበት ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። መስከረም ላይ ሰባተኛ ልትገባ አዲስ አበባ ሰው ቤት ማደር አለባት፤ ለማደሪያዋና ለምግቧ አሥራ አምስት ብር ተጠይቀዋል። ድሬዳዋ ከሆነ ግን በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ተድላ እርሳሱን አነሣና አሥራ አምስቱን ቀነሰ። ሰበታ ቢቀሩ በየወሩ ስድስት ብር ይጎድላቸዋል። እሱ ብቻውን ቢሄድ አንድ ብር ይተርፋል። አብረው ቢሄዱ አሥራ አራቱ እንዳለ ነው።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ቢሮ ገብቶ ከነቤተሰቡ እንደሚሄድ አስታወቀ።

ወርቅቱ ለአባቷ ልትነግረው ስትሄድ ኦቦ ገርባ የላሞቹን በረት አጥር እየጠገነ ነበር። የልጁን ጉዞ ሰምቷል፤ ውሳኔውን ግን አልሰማም። ቆሞ እስክትጨርስ አዳመጣት። ስለ ደመወዙም ስለ ትርፉም አንድ ነገር አልጠየቃትም።

«እዚያ ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?» አላት።

«ማሪቱ ያለችበት እድር አለ፣ አባኮ። መግቢያው ስድስት ብር፣ በወር ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሊቀ መንበሩን አነጋግሬዋለሁ።»

ሽማግሌው እሾሁን አንሥቶ ቦታው ላይ አጋደመው፤ በእግሩ ረገጥ ረገጥ አደረገው። «ቶሌ» አለ። ይሁን ማለቱ ነው። ከዚያ የሷ ላም ብትወልድ ጥጃዋን የት እንደሚያኖር እያማከራት ወደ በረቱ ይዟት ገባ። ላሟ እሱ ዘንድ እንድትቀር ሳይነጋገሩ ተስማምተው ነበር።

በነሐሴ ሄዱ። ባቡሩ ዕቃ የሚጭነው በክብደት እያስከፈለ ስለሆነ ወርቅቱ የወፍጮ ድንጋዩን፣ ትልቁን አልጋና ወፍራም ብርድ ልብሶቹን ትታ ወጣች። ደገፋም በዚያው ሳምንት ብቻውን መጣ።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ጥቅምት ላይ ተድላ በወባ ታሞ አንድ ወር ያህል ተኛ፤ ደመወዙ ተቆረጠ፣ ለመድኃኒት ካሰበችው ሦስት እጥፍ ወጣ። ትንሿ ልጅ በሙቀቱ ሰውነቷ ሁሉ አብጦ ስታለቅስ ትውላለች። አሥራ አራት ይተርፋል የተባለበት ቤት እስከ ፋሲካ አንድም ብር አላተረፈም። አንዳንድ ቀን ወርቅቱ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ተሳስቼ ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ለተድላ ግን አልተናገረችም፤ እሱም አላነሣባትም።

ነገሩን የለወጠችው ራቢአ ናት። የቅቤውን ዋጋ አልረሳችም። በሚያዝያ ወርቅቱን አስጠርታ፣ ቅቤ ከደጋ ብታስመጣላት እኩል እንደሚካፈሉ ነገረቻት። ወርቅቱ ለሱሉልታ አክስቷ መልእክት ላከች። የመጀመሪያው ሁለት ቅል ቅቤ ነበር፤ አንዱ መንገድ ላይ ቀልጦ ፈሰሰ። ሁለተኛው የተሸጠበት ገንዘብ ግን የፈሰሰውን ከፍሎ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቅቤው በጠርሙስ፣ ጌሾውና ጤፉ በጆንያ ይመጣ ጀመር። ወደ ሰበታ ደግሞ የራቢአ ጨርቅ ይሄዳል። የሁለቱን ከተማ ዋጋ ከወርቅቱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን ሳትጽፍ ታውቃለች።

ደገፋ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቡራዩ ገንዘብ ሲልክ ቆየ። ከዚያ የሚልከው አነሰ፤ ኋላም ተቋረጠ። ሚስቱ ጠበቃ ይዛ እንደከሰሰችው ተሰማ። ተድላ ይህን ለወርቅቱ ሲነግራት ራቱን ሳይጨርስ ተነሣ፤ እሷም ሳህኑን አነሣች።

ኦቦ ገርባ በ1960 በባቡር መጥቶ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ፓፓያ ወደደ። በረንዳ ላይ መተኛት ግን እንቅልፍ ነሣው፤ በአገሩ ደጅ የሚያድር ከብት ጠባቂ ብቻ ነው። በየማለዳው ሲነሣ ራቢአ በኦሮምኛ «አከም ቡልተን» ብላ እንዴት እንዳደረ ስትጠይቀው፣ ሙቀቱን ረስቶ እስከ ረፋድ ያጫውታታል። ሲመለስ ልጁ ሰው አላጣችም ብሎ ለዘመዶቹ ተናገረ። በሁለተኛው ዓመት ሞተ። ቴሌግራሙ ደርሷት ወርቅቱ ሰበታ ስትገባ ከተቀበረ አንድ ቀን አልፎታል። ለቅሶውን እስከ አርባው ተቀምጣ፣ ላሟንና ሁለት ጥጆቿን ለወንድሟ ሰጥታ ተመለሰች።

አትክልት በ1963 አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አስተማሪ ለመሆን ሐረር ገባች። በቀጣዩ ዓመት ወርቅቱና ተድላ እዚያው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ቦታ ገዝተው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ሠሩ። አንደኛዋን ክፍል ወርቅቱ የቅቤና የጌሾ ማኖሪያ አደረገቻት። ሽታው የሥራ ልብሴ ላይ ይቀራል እያለ ተድላ ያጉረመርማል፤ የክፍሏን በር ቁልፍ የሠራላት ግን ራሱ ነው።